የአንድ አፍ ልክ

ከመተማ በስተደቡብ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ ድንበሩን ታክካ የተቀመጠች ሽመል አምባ የምትባል መንደር ነበረች። በ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት ከመንደሪቱ ሠላሳ ጎጆዎች መካከል ጢስ የሚወጣው ከዘጠኙ ብቻ ነበር። የቀሩት ጎጆዎች ባለቤቶች ወይ ሞተዋል፣ ወይ አርበኛ ሆነው ወደ ቋራ በረሓ ገብተዋል፣ ወይ ደግሞ ኾር የሚሉትን ደረቅ ጅረት ተሻግረው በእንግሊዝ ግዛት፣ በሱዳን ምድር ተጠግተዋል። ጢስ ከሚወጣባቸው ጎጆዎች በአንደኛው ውባንተ ብቻውን ይኖር ነበር።

ውባንተ ሽመል ከሚሉት የቆላ ቀርከሃ እምቢልታ የሚቆርጥ ሰው ነው። «እምቢልታ ሠሪ» ሲሉት ደስ አይለውም ነበር። «ሽመሉን የሠራው እግዚአብሔር ነው፤ የኔ ሥራ የት ላይ እንደሚቆረጥ ማወቅ ነው» ይላል። አባቱም ከጭልጋ ደጋ ወደዚህ ቆላ የወረደው ሽመል ፍለጋ ነበር። ልጁን ያስተማረው ጥቂት ነገር ቢሆንም አጥብቆ አስተምሮታል፤ ሽመል በበጋ ይቆረጣል፣ ዓመት ሙሉ በጥላ ይደርቃል፣ ቆላው እንዳይሰነጥቀው በሰሊጥ ዘይት ይታሻል፣ ርዝመቱም በቆራጩ በራሱ ጣት ይለካል።

እምቢልታ እንደ ዋሽንት የጣት ቀዳዳ የለውም። እያንዳንዱ የየራሱን ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ዜማ የሚሆነው ሦስት ሰዎች ድምፁን እየተቀባበሉ ሲነፉት ነው። ከጦርነቱ በፊት ትልቁን እምቢልታ የሚነፋው የውባንተ ታናሽ ወንድም ሰጠኝ ነበር፤ መካከለኛውን ራሱ ውባንተ፣ ትንሹን ደግሞ የአክስታቸው ልጅ አዛናው ይነፋ ነበር። በ፲፱፻፳፰ ዓመተ ምሕረት አንድ ፊታውራሪ ተከትለው ወደ ሰሜን ዘመቱ። አውሮፕላን የጣለው ቦምብ አዛናውን ገደለው፤ የውባንተን ጉልበት ሰባበረው፤ ግራ ጆሮውንም አደነቆረው። ቀኝ ጆሮው ቢተርፍም ከዚያ ቀን ጀምሮ ውስጡ እንደ ፌንጣ መጮኹን አላቆመም።

ወንድማማቾቹ ወደ ቀያቸው ሲመለሱ ጣልያን መተማ ገብቶ ቆያቸው። ብዙም ሳይቆይ በአካባቢው ያለው የጠላት ጦር አለቃ፣ ነጋሪትና እምቢልታ ለአርበኞች ጥሪ ይውላል ብሎ በየቤቱ ያለውን አስለቅሞ አቃጠለው። ከእሳቱ የተረፈው ሰጠኝ በጎጆው ክዳን ውስጥ ሸሽጎት የነበረው ትልቁ እምቢልታ ብቻ ነው። ሰጠኝ ጣልያን እንደሚፈልገው ሲሰማ በ፲፱፻፴ ጥቅምት ወር እምቢልታውን ይዞ ድንበሩን ለመሻገር ቆረጠ። ሚስቱ አየሁሽ በዚያ ሰሞን አስወርዷት ደም እየፈሰሳት ተኝታ ነበርና ይዟት መሄድ አልቻለም።

በመጨረሻው ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሁለቱ ወንድማማቾች ከመንደሩ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ተቀምጠው ተነጋገሩ።

«ከኾሩ ማዶ ያ ድንጋያማ ጉብታ ይታይሃል?» አለ ሰጠኝ።

«ዓይኔ እንኳ ደኅና ነው።»

«እሑድ እሑድ ጎህ ሲቀድ ከዚያ ላይ ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር እነፋለሁ። ስሜን እለውጣለሁና በስሜ አታስጠይቀኝ፤ ባንዳ ሰምቶ ቤት ያቃጥልባችኋል። ስትሰማኝ ለአየሁሽ ‘አለ’ በላት። ሌላ ነገር አልሻም።»

«ካልነፋህሳ?»

«ካልነፋሁማ ሞቻለሁ። ተዝካሬን አውጡና ሴትዮዋን ልቀቋት፤ እንደ ውሻ ደጅ እንዳታስጠብቋት።»

«ታመህ ቢሆንስ?»

«ታምሜም እነፋለሁ። በእግሬ የምነፋ መሰለህ እንዴ፣ እንዳንተ የሚያነክስ?»

ውባንተ ሳቀ። ከዚያ በኋላ እንዲያ ሲስቅ ያየው ሰው የለም።

ከጉብታ እስከ ጉብታ በቀጥታ ቢሄዱት የሩብ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። ነገር ግን በመካከሉ ባንዳዎች ሌት ተቀን ይጠብቁ ነበር፤ የተንቀሳቀሰውንም ሳይጠይቁ ይተኩሱበታል። በፌንጣ ጩኸት የተሞላ አንድ ጆሮ ያለው ሰው የዚያን ያህል ርቆ የሚነፋ እምቢልታ እንዴት ይሰማል? ውባንተ ሳምንቱን ሙሉ ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ መልሱንም ከሙያው አገኘው።

እምቢልታ ቆራጮች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። በአንድ ልክ የተቆረጡ ሁለት እምቢልታዎች በአንድ ጎጆ ውስጥ ቢቀመጡ፣ አንዱ ሲነፋ ሁለተኛው ማንም ሳይነካው በሆዱ ያንሾካሹካል፤ ልኩ የተለየ ግን ዝም ይላል። ሽመል የራሱን ልክ ሲሰማ ይመልሳል ማለት ነው። እንግዲህ የሰጠኝን እምቢልታ የሚያህል ሽመል ቆርጦ ከጆሮው ቢያስጠጋ፣ ሽመሉ የወንድሙን ድምፅ ከነፋሱ ለይቶ ያጎላለታል። ትልቁን እምቢልታ የቆረጠው እርሱ ራሱ ስለሆነ ልኩን እንደ ስሙ ያውቀዋል፤ አራት ስንዝር ከሦስት ጣት፣ በጣት ሲቆጠር አምሳ አንድ፤ የቀዳዳው ስፋት አንድ ጣት ተኩል። ከማድረቂያው ቆጥ ላይ በስፋቱ ተመሳሳይ የሆነ አንድ ደረቅ ሽመል አገኘ፤ የቀሩትን የጣልያን ወታደሮች ለምሽግ ማገር ወስደዋቸው ነበር። ለካ፤ ደግሞ ለካ፤ ቆረጠ።

በመጀመሪያው እሑድ ጎህ ሲቀድ እያነከሰ ጉብታው ላይ ወጣና ሽመሉን ከቀኝ ጆሮው ላይ ለጥፎ ተቀመጠ። የሰማው የሽመሉን ሆድ የሚያስስ ነፋስ ብቻ ነበር። በሁለተኛውም እሑድ፣ በአምስተኛውም እንዲሁ ሆነ። አየሁሽ ደሟ ቆሞ መራመድ ከጀመረችበት ቀን አንሥቶ ከጉብታው ሥር ትጠብቀው ነበር።

«አያ፣ ምን አለ?» ትለዋለች።

«ነፋስ ነው፤ ገና ነው።»

የጥር ወር አንድ እሑድ ጭጋግ ወርዶ፣ ነፋሱም ተኝቶ ነበር። ውባንተ ከጉብታው ሲወርድ አየሁሽን ፊቷ በርቶ አገኛት።

«አያ፣ ዛሬስ ሰምተዋል አይደል?»

«ምኑን?»

«እኔ እንኳ ከዚህ ሆኜ የሰማሁ መሰለኝ። እንደ በሬ ነው፤ ወፈር ብሎ ቡኡኡ አለ።»

«እንግዲያውስ በሬ ነው።»

«በዚያ ማዶ በሬ ያለው ማነው? ዓረቦቹ ግመልና ፍየል እንጂ መቼ በሬ ጠምደው ያውቃሉ?»

«አየሁሽ» አለ ውባንተ፣ ሽመሉን እንደ መስቀል ከፍ አድርጎ፤ «ይህ በልክ የተቆረጠ ነው። ሰጠኝ ቢነፋ ኖሮ ከማንም በፊት የሚመልሰው ይህ ነበር። ጆሮ የወደደውን ይሰማል፤ ልክ ግን አይመኝም።»

 አየሁሽ ነገሩን የተወችው አምና ሳይሆን አክብራ ነው። በሙያው የታወቀ ሰው ሲናገር ሙያ የሌለው ሰው የገዛ ጆሮውን ይጠራጠራል፤ በዚህ ጊዜ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በተጠራጠረው ላይ ሳይሆን በባለሙያው ላይ ነው። ውባንተ ግን ይህን በጊዜው አላስተዋለም። እርሷ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ያህል «በሬው ዛሬም ጮኸ» ብላው ነበር፤ በሁለቱም ጊዜ ጆሮ ዳባ ልበስ አላት። ሦስተኛ አልደገመችውም።

ሁለት ክረምት አለፈ። ውባንተ አንድ እሑድ እንኳ አላጎደለም፤ ወባ ሲያንቀጠቅጠው ሳይቀር ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣ ነበር። የሚያነጋግረው ሰው እያነሰ ስለሄደ ከሽመሉ ጋር ማውራት ለመደ። «ዛሬስ?» ይለዋል ሲወጣ፤ ሲወርድ ምንም አይለውም። አየሁሽም የሐዘን ልብስ አልለበሰች፣ ጠጉሯንም አልተሠራች፤ ባሏ በሕይወት ያለ ሴትም፣ ባሏ የሞተባት ሴትም አልነበረችም። መንደርተኛው በሐዘን ቤትም ሆነ በደስታ ቤት የት እንደሚያስቀምጣት ይቸገር ነበር።

በግንቦት ፲፱፻፴፪ የአየሁሽ አጎት ገብረማርያም ከጭልጋ ሁለት በቅሎ ይዞ መጣ። ድርቅ ያለ ሽማግሌ ነው፤ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ውባንተን ከዛፍ ሥር አስቀምጦ ጠየቀው።

«ልጅቱን ልወስዳት ነው የመጣሁ። የሚያገባት ሰው አለ፤ ሚስት የሞተችበት፣ ልጆች ያሉት፣ ደኅና ገበሬ። ቄሱ ግን ‘ባሏ ሞቶ እንደሆነ ተዝካሩ ይውጣና ላጋባት፤ በሕይወት ካለ ግን እጄን አላስገባም’ ብለዋል። እንግዲህ ያንተን ቃል ነው የምጠብቅ። ወንድምህ አለ ወይስ የለም?»

ውባንተ መሬት መሬቱን አየ። «እስካሁን አልሰማሁም።»

«አልሰማሁምና የለም አንድ አይደሉም፤ ቃል አታምታታ! ምን ተባብላችሁ ነበር?»

«ካልነፋሁ ሞቻለሁ ብሎኛል።»

«ነፍቶ ያውቃል?»

«አልነፋም።»

«እንግዲያማ ራሱ ፈርዶታል።»

አየሁሽ ከጎጆው ደጃፍ ቆማ ትሰማ ነበር። ውባንተን አየት አደረገችው፤ የሚለው ነገር ያለ መስሏት ጥቂት ጠበቀች። እርሱ ግን የበሬውን ነገር አላነሣም።

«አንድ እሑድ ጨምሩልኝ» አለ በመጨረሻ።

«እሺ፤ የፊታችን እሑድ። ሰኞ ማለዳ ግን በቅሎዎቹ ይጫናሉ» ብሎ ገብረማርያም ተነሣ።

ሐሙስ ዕለት ኩብራ በመንደሩ አለፈች። ኩብራ በመተማና ከድንበሩ ማዶ ባለው በገላባት ገበያ መካከል ጨውና ስኳር በአህያ የምታመላልስ፣ በሁለቱም ወገን ጠባቂዎች የታወቀች፣ ምላሷ የማያርፍ ነጋዴ ናት። እርሱ ባይልካትም ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ሰጠኝ የሚባል ሰው በገላባት ገበያ ጠያይቃለት ነበር፤ ሰውየው ስሙን ለውጧልና የሚያውቀው አልተገኘም። ውባንተን ሽመሉን በዘይት ሲያሸው አገኘችው፤ እንደ ዓረቦቹ ባለሙያውን «ኡስታ» ብላ ነው የምትጠራው።

«ኡስታ ውባንተ! አሁንም ይህን እንጨት ታጥባለህ? ሚስት ብታገባ እኮ ራሷ ትታጠብልሃለች።»

«አንቺን አግብቼ ዕድሜ ልኬን ስሰደብ ልኑር?»

«ወላሂ፣ ስድብም እኮ ጨዋታ ነው። ዝም ከሚል ሽመል ይሻላል። ስጠኝማ፣ እኔ ላናግረው» አለችና ከእጁ ነጠቀችው። አንዱን ጫፍ አሸዋው ላይ ተክላ፣ ጎንበስ ብላ በላይኛው አፍ ነፋችበት። ሽመሉ ከመሬት ውስጥ የወጣ በሚመስል ወፍራም ድምፅ አጉረመረመ። ኩብራ በሣቅ ፈረሰች። «ጅብ ነው! ወንድምህን ስትጠብቅ ጅብ አሳደግህ?»

«ከአሸዋው አንሺው፤ ድፍን ሆኖብሽ ነው» አለ ውባንተ ቆጣ ብሎ። «አንድ ጫፉ የተደፈነ ሽመል ሳይረዝም እንደ ረዘመ ነው፤ እጥፉን የሚያህል ሽመል በሚያወጣው ድምፅ ያጉረመርማል። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።»

«እሺ፣ ከአሸዋው አነሣሁት፤ እስቲ ደግሞ በጆሮህ ልንፋልህ። ምናልባት ጆሮህ ይከፈት ይሆናል!» አለችና ታችኛውን ጫፍ ከቀኝ ጆሮው ላይ ልጥፍ አድርጋ በላይኛው አፍ ነፋች።

ያው ወፍራም ጉርምርምታ ነበር፤ አሸዋው ላይ የሰሙት።

ውባንተ ጆሮውን በመዳፉ ያዘ። ኩብራ ያሳመመችው መስሏት ሽመሉን ጣለች። «ውይ ውባንተ! ጎዳሁህ እንዴ? ለጨዋታ እኮ ነው!»

«ድፍን ነው» አለ ውባንተ፣ ከእርሷ ጋር የሚነጋገር ሳይመስል። «ጆሮዬ ደፍኖታል።»

ይህን የማያውቅ ሆኖ አልነበረም። መዳፍ እንደሚደፍን ያውቃል፤ አሸዋና ጭቃም እንደሚደፍኑ ያውቃል። ከአባቱ ጀምሮ ሁለት ትውልድ ያወቀውን ነገር የገዛ ጆሮው ላይ ግን አላሰበውም፤ ምክንያቱም ጆሮ ለእርሱ ቀዳዳ ነበርና። ጆሮ ከውጭ ቀዳዳ ቢመስልም በስተውስጥ ግድግዳ አለው። አምሳ አንድ ጣት የሆነው ሽመል በእጁ ላይ ሳለ የሰጠኝ እምቢልታ መንታ ወንድም ነበር፤ ከጆሮው ሲለጠፍ ግን የመቶ ሁለት ጣት ሽመል ድምፅ የሚሻ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። የሰጠኝን ድምፅ ለማጉላት የቆረጠው ሽመል፣ ከሁሉ ይልቅ ያንኑ ድምፅ ሲጋርድበት ኖሯል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ሽመል በባዶ ጆሮው ተቀምጦ ቢሆን ይሻለው ነበር።

አየሁሽ የሰማችውን በሬ አስታወሰ።

ኩብራ አህዮቿን ነድታ ስትሄድ ውባንተ ቢላውን አውጥቶ ማስላት ጀመረ። የተደፈነ ሽመል እጥፉን የሚያህል ድምፅ ካወጣ፣ የአምሳ አንዱን ድምፅ በድፍን ሽመል ለመስማት ግማሹ ይበቃል ማለት ነው፤ ይኸውም ኻያ አምስት ጣት ተኩል። ደረቅ ሽመል ያለው ግን ያው አንዱ ብቻ ነው። ሌላ ቢቆርጥ እርጥብ ነው፤ እስኪደርቅ ዓመት ይፈጃል፤ እየደረቀም ይጠባል። ስለዚህ የሚቆርጠው ያንኑ ሽመል ነው፤ ሽመል ወደ ጫፉ ይጠባልና የሚሆነው ወፍራሙ ግማሽ ብቻ ነው፤ ከግማሹ አሳጥሮ ከሳተ የሚመልሰው የለም።

ጣቱን እየደረደረ ቆጠረና በኻያ አምስት ላይ ምልክት አደረገ። እጁ ያደረገው በልማድ ነበር። ትንሹን እምቢልታ ከትልቁ ግማሽ ሲያወጣ ሁልጊዜ ግማሽ ጣት ይቀንስ ነበርና፤ አባቱ «የአፍ ትርፍ» ይለው የነበረውን ማለት ነው። ድምፅ በሽመሉ ጫፍ ላይ ተቆርጦ አይቀርም፤ ከአፉ ጥቂት ወጣ ብሎ ነው የሚያልቀው፤ አፉ በሰፋ ቁጥርም የሚወጣው ይጨምራል። ሽመሉን በግማሽ ስታሳጥረው ግን ይህ ትርፍ አያጥርም። ሁለቱም አፎች እንዳሉ ናቸውና ትርፋቸውን እንዳለ ይዘው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ቆራጩ ከሽመሉ ራሱ ግማሽ ጣት ጨምሮ ይቀንሳል።

ቢላውን ምልክቱ ላይ አሳረፈ። አንድ ጊዜ ጫን አደረገና አቆመ።

«ስንት አፍ አለው?» አለ ጮክ ብሎ።

አንድ አፍ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለተኛው ጆሮው ነው፣ ድፍን ነው፤ ከድፍን ወገን የሚወጣ ትርፍ የለም። ርዝመቱ በግማሽ ሲቀንስ አፉም ከሁለት ወደ አንድ፣ ትርፉም በግማሽ ቀንሷል። ስለዚህ ሁሉም ነገር እኩል ተከፍሏል፤ የሚቀነስ ምንም የለም። ያቺ በልማድ ሊቀንሳት የነበረች ግማሽ ጣት ዳግመኛ ልታደነቁረው ነበር። ምልክቱን በጥፍሩ ፋቀና ኻያ አምስት ጣት ተኩል ላይ ሌላ ምልክት አደረገ። ሦስት ጊዜ ለካ። ከዚያ ቆረጠ።

እሑድ ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ ጉብታው ሲያዘግም አየሁሽ ከኋላው ተከተለችው። ዕቃዋ ታስሮ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። «ዛሬ ከታች አልቀርም» አለች። ሊከለክላት አልደፈረም።

ተቀመጡ። ምሥራቁ ገረጣ። ውባንተ አጭሩን ሽመል ጆሮው ላይ ለጥፎ ትንፋሹን ያዘ። መጀመሪያ ፌንጣው ጮኸ። ቀጥሎም በፌንጣው ሥር፣ ሽመሉ ራሱ ከውስጥ የሚያዜም ይመስል፣ ረጅም ድምፅ መጣ። ዝም አለ። ሁለተኛ ረጅም መጣ። ከዚያ አንድ አጭር።

 ውባንተ ሽመሉን ከጆሮው አላቆ ለአየሁሽ ሰጣት። ሰጠኝ እንደ ልማዱ ሊሆን ይችላል፣ ሦስቴ ደገመው። አየሁሽ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤ ከዚያ ሽመሉን ከጆሮዋ ላይ አነሣችና ያለ ሽመልም አዳመጠች።

«ይሄ ነው?» አለች።

«ይህ ነው።»

«ይሄማ እኔ ሁልጊዜ የምሰማው ነው።»

ውባንተ ራሱን ዝቅ አደረገ። «አዎን።»

«ጭጋግ በሆነ ቁጥር ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ ነግሬዎታለሁ፤ አንቱ በሬ ነው አሉኝ።»

«አዎን፣ ብያለሁ።»

«ሁለት ዓመት፣ አያ!» አለችና ሽመሉን መለሰችለት። 

ሲወርዱ ገብረማርያም ከዛፉ ሥር ይጠብቃቸው ነበር። ውባንተ ሳይቀመጥ ተናገረ። «አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነፋ ነበር። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።»

«ጆሮህ ከዳህ ማለት ነው?»

«ጆሮዬ አይደለም። ልኩም በራሱ ልክ ነበር፤ ቦታው ግን አልነበረም። አየሁሽ ሰምታ ነግራኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላመንኋት።»

ገብረማርያም ትክ ብሎ አየው። ሊሰድበው ያሰበ ይመስል ነበር። በመጨረሻ «ይህን በሰው ፊት ማለትህ ደግ ነው፤ ቀደም ብለህ ብትለው ደግሞ የተሻለ ነበር» ብሎ በቅሎዎቹን ሊያጠጣ ወረደ። ማግስቱን ሁለቱንም በቅሎዎች ያለ ጭነት ይዞ ወደ ጭልጋ ተመለሰ።

አየሁሽ ግን ዕቃዋን አልፈታችም። ኩብራ ረቡዕ ወደ ገላባት ስትመለስ እንደ ዘመዷ ሆና፣ እንደ እርሷ ተከናንባ አብራት ልትሻገር ተስማሙ። ከገላባት በኋላ ያለው መንገድ ቀላል ነው፤ ሰጠኝ በምን ስም እንደሚጠራ ባታውቅም፣ እሑድ ጎህ ሲቀድ የት እንደሚገኝ አሁን ታውቃለች።

ከመሄዷ በፊት ወደ ውባንተ ጎጆ መጣች። ቂሙ ከፊቷ ባይጠፋም እንደ ወጉ ጉልበቱን ሳመች።

«እኔ ከደረስሁ በኋላ ከዚያ ጉብታ ላይ ዳግመኛ አይወጣም» አለችው። «ሁለት ዓመት ለባዶ ሜዳ ነፍቷል፤ ይበቃዋል። የዚያኑ ዕለት ወደ ገዳሪፍ ይዤው እሄዳለሁ። ስለዚህ አያ፣ ዝም ያለ እሑድ ሲመጣ ደርሻለሁ ማለት ነው። አይዘኑ።»

ውባንተ ሊላት የፈለገው ነገር ነበር፤ «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለኔ ብሎ ይንፋልኝ፤ እኔም እንደሰማሁት አውቆ ይንፋ» ሊላት። አፉ ድረስ መጣ። ነገር ግን ከዚህች ሴት አንድም እሑድ የመለመን መብት እንደሌለው ያውቅ ነበርና ዋጠው።

«እሺ፤ በሰላም ግቢ» አላት።

«አንቱም አብረው ቢሻገሩ?»

«በዚህ ጉልበት? ባንዳ ሳይተኩስብኝ መንገዱ ይገድለኛል።»

ሄደች። በመጀመሪያው እሑድ ውባንተ ጉብታው ላይ ወጥቶ ሽመሉን ደገነ። ሁለት ረጅም፣ አንድ አጭር መጣ። ነጋዴዎቹን መተማ ላይ ጠባቂ አዘግይቷቸዋል ማለት ነው፤ ወይም ደግሞ ሌላ ነገር ሆኗል። ሰጠኝ ከማዶ ሆኖ፣ ማን እንደሚሰማው ሳያውቅ፣ ሦስቴ ደገመው። ውባንተ እያንዳንዱን ድምፅ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ያ ሳምንት ረዘመበት።

በሁለተኛው እሑድ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱም ተኝቶ ነበር። ጎህ ቀደደ። ፌንጣው ብቻ ጮኸ። ውባንተ ሽመሉን ከጆሮው አላቆ አፉን መረመረ፤ ተባይ ወይም የሸረሪት ድር ገብቶበት እንደሆነ ብሎ በገለባ ጠረገው። መልሶ ለጠፈው። ምንም የለም። እንዳልተሳሳተ ለማረጋገጥ ሽመሉን አንሥቶ በባዶ ጆሮውም አዳመጠ፤ ደግሞ በሽመሉ። ዝምታው በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ነበር።

«ደርሳለች» አለ።

 ፀሐይ ወጥታ አለቱ እስኪግል ድረስ ከዚያው ቆየ፤ ከዚያ በኋላ መቀመጥ ስላልቻለ ብቻ ተነሥቶ፣ ሰባራ ጉልበቱን በእጁ እየደገፈ ቁልቁል ወረደ።